ራስ ደስታ ዳምጠው ከዋሽንግተን እስከ ነገሌ

ራስ ደስታ ዳምጠው በታሪካችን የሚታወቁት በአርበኝነታቸው ነው። በደቡብ ግንባር ጦር መርተው የኢጣሊያን ወረራ የተከላከሉ፣ ዋና ከተማዋ ከተያዘች በኋላም ለወራት እጅ ሳይሰጡ የቆዩ፣ በመጨረሻም በየካቲት 1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ ወድቀው በጥይት የተደበደቡ መኰንን መሆናቸውን የማያውቅ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ይህ የጀግንነት ዝና የሕይወታቸውን ሌላ ገጽ ሸፍኖታል። ራስ ደስታ የአገራቸውን የውጭ ፖሊቲካ በሁለት የተራራቁ ሥፍራዎች የመወከል ዕጣ የደረሳቸው ሰው ነበሩ። በ1925 ዓ.ም. በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ፊት ቆሙ፤ በ1928 ዓ.ም. ደግሞ በነገሌ ቦረናና በዶሎ ቆላ ለተሰለፈው ወታደርና በዚያው ለሚኖረው ሕዝብ የመንግሥቱ ቃል እርሳቸው ሆኑ። ከሁለቱ ተግባራት የበለጠ ከባድ የነበረው ሁለተኛው ነው።

ይህ ዓይነቱ ዕጣ ለቤተሰቡ እንግዳ አልነበረም። የራስ ደስታ አባት ፊታውራሪ ዳምጠው ከተማ በ1887 ዓ.ም. ክረምት ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ሩሲያ የላኩትን የመልክተኞች ጓድ መርተው በዛር ኒኮላስ ዳግማዊ ዘንድ የቀረቡ ሰው ናቸው። ከተልእኮው ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ አገሪቱ ከኢጣሊያ ጋር ጦርነት ገጠመች፤ ፊታውራሪም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ከወደቁት መኳንንት አንዱ ሆኑ። ልጃቸው ያን ጊዜ ገና ሕፃን ነበሩ። መልክተኛ ሆኖ ባሕር ተሻግሮ መሄድና ወታደር ሆኖ በአገር አፈር ላይ መውደቅ በአባት የታየ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ በልጅ የተደገመ ታሪክ ነው።

ፊታውራሪ ዳምጠው በኖሩበት ዘመን መንግሥት ስለ ውጭ ጉዳይ ከሕዝቡ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም አዋጅ ነው። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል በአማርኛውና በኢጣሊያንኛው ጽሑፍ መካከል በነበረው የአሥራ ሰባተኛው አንቀጽ ልዩነት ምክንያት ክርክር አስነሣ። ምኒልክ በ1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ መንግሥታት በላኩት ደብዳቤ የአገራቸውን ወሰን ዘርዝረው አስታወቁ፤ ውሉንም በኋላ ማፍረሳቸውን ገለጹ። ይህ ሁሉ ጽሕፈት ግን ለባዕዳን የተጻፈ ነበር። ለሕዝቡ ነገሩ የተገለጸው በመስከረም 1888 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያን ጊዜ የተነገረው ስለ አንቀጽ ትርጉም ሳይሆን አገርንና ሃይማኖትን የሚያጠፋ ጠላት ባሕር አቋርጦ ስለ መምጣቱ ነበር። ገበሬው የውሉን ቃል አላነበበም፤ ቢሆንም የነገሩን ፍሬ ተረዳ። አዋጁ ይህን ያህል የሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሰሚው ቋንቋውን ያውቃል፤ የሚያሳውጀውን ንጉሥ የራሱ ንጉሥ አድርጎ ይቆጥራል፤ ሊጠፋ ነው የተባለውም ነገር በእጁ ያለ ርስቱና ቤተ ክርስቲያኑ ነው። እነዚህ ሦስት ነገሮች በማይገኙበት ሥፍራ የአዋጅ ኃይል ምን ሊሆን እንደሚችል ያን ጊዜ የጠየቀ አልነበረም።

ደስታ በቤተ መንግሥት ከወንድማቸው ከአበበ ዳምጠው ጋር አደጉ። በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ዘመን ከሹማምንቱ ተርታ ገብተው በ1917 ዓ.ም. የአልጋ ወራሹን ልጅ ልዕልት ተናኘወርቅን አገቡ። ያ ዘመን የአገሪቱ የውጭ ግንኙነት አዲስ መልክ የያዘበት ነበር። ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል ዕለት፣ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በታኅሣሥ 1917 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ መታተም ጀመረ። በ1918 ዓ.ም. እንግሊዝና ኢጣሊያ ስለ ጣና ሐይቅና በኢትዮጵያ ስላላቸው ጥቅም እርስ በርሳቸው በጻፏቸው ደብዳቤዎች ላይ የኢትዮጵያ መንግሥት ለማኅበሩ አቤቱታ አቀረበ። በ1920 ዓ.ም. መጨረሻም ከኢጣሊያ ጋር ለሃያ ዓመት የሚጸና የወዳጅነት ውል ተፈረመ። ነገሩን ከጋዜጣ መከታተል የሚችለው ግን ማንበብ የሚችለው፣ በአዲስ አበባና በባቡሩ መሥመር የሚኖረው ጥቂት ሰው ብቻ ነበር። ከዋና ከተማው ርቆ፣ ከሐይቆቹ ማዶ ለሚኖረው ሰው የውጭ ጉዳይ ዛሬም እንደ ድሮው የሚደርሰው ጦር ሲታወጅ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ራስ ደስታ ወደ አሜሪካ የተላኩት በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተፈጸመው የንግሥ በዓል ላይ የአሜሪካ መንግሥት ልዩ መልክተኛ ልኮ ስለ ነበረ፣ ያን ለማመስገንና ወዳጅነቱን ለማጥበቅ በልዩ መልክተኛነት ተሹመው ተጓዙ። በሐምሌ 1925 ዓ.ም. በዋሽንግተን በፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ዘንድ በክብር ተቀበሉ። ክብሩ እውነተኛ ነበር፤ ፍሬው ግን አነስተኛ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ በነሐሴ 1927 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት ያወጣው የገለልተኝነት ሕግ ለሚዋጉ ወገኖች ሁሉ የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከለ። ሕጉ ሁለቱን ወገኖች እኩል ይመልከት እንጂ፣ መሣሪያውን በገዛ ፋብሪካው የሚሠራው ወራሪ የሚጎዳው ነገር አልነበረም፤ ጉዳቱ በተወረረችው አገር ላይ ወደቀ። መሣሪያ ሊገዛበት የማይችል ወዳጅነት ምን እንደሚመስል በዶሎ መንገድ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ራሱ ያ መልክተኛ ሆነ።

ራስ ደስታ በዚያ ዘመን የሲዳሞ አገረ ገዥ ነበሩ። የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ የሆነችው ይርጋዓለም በእርሳቸው ዘመን የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ በደጋው ጫፍ በሀገረ ሰላም አልፎ፣ ዛሬ ክብረ መንግሥት ወይም አዶላ በምትባለው ከተማ አገርና በዋደራ ደን በኩል ወደ ነገሌ የሚወርደው መንገድ ሰፊውን ቆላ ይከፍታል። ከነገሌ ማዶ የገናሌና የዳዋ ወንዞች በዶሎ አቅራቢያ እስኪገናኙ ድረስ ያለው ምድር የቦረና፣ የጉጂና የሶማሌ አርብቶ አደሮች አገር ነው።

በዚህ ምድር ላይ የውጭ ፖሊቲካ ረቂቅ ነገር አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. ሁለት የወሰን ውሎች ተፈርመው ነበር። አንደኛው ከእንግሊዝ ጋር ሲሆን ከዶሎ በዳዋ ወንዝ ተከትሎ ወደ ምዕራብ የሚሄደውን የኬንያ ወሰን ወሰነ። ሁለተኛው ከኢጣሊያ ጋር ሲሆን ከዶሎ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚሄደውን የሶማሊያ ወሰን በወረቀት አመለከተ፤ በመሬት ላይ ግን ምልክት ሳይተከልበት ቀረ። ለቦረናው ከብት አርቢ እነዚህ ውሎች የደረሱት በጽሑፍ አይደለም። ከብቱን ይዞ ወደ ለመደው ውሃ ሲወርድ የባዕድ ዘበኛ ሲያጋጥመው፣ የእንግሊዝ ቆንስል በሜጋ ተቀምጦ ሲያይ፣ የግጦሹ አገር በሁለት መንግሥታት መካከል መከፈሉን ተረዳ። ከዚያ በፊት የጠየቀውም ያስረዳውም አልነበረም።

ይህ ሕዝብ የራሱ የመነጋገሪያ ሥርዓት የሌለው አልነበረም። ቦረና በየስምንት ዓመቱ በጋዮ ተሰብስቦ ስለ ሕጉ ይመክራል። በጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች ዙሪያ በተራ ሲቆም ይነጋገራል። መንገደኛ ሲገናኝ ሰላምታው ስለ ሰላም፣ ስለ ዝናብና ስለ ከብት መጠያየቅ ነው። የመንግሥቱ ቃል ግን በእነዚህ መንገዶች አልሄደም። በአማርኛ የተጻፈው አዋጅ በሹሙ በኩል ወርዶ፣ በአስተርጓሚ አፍ አልፎ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከግብር ጥያቄ ጋር አንድ ላይ ይደርስ ነበር። በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የተመራው ጦር በቦረና የዘመተው በ1880ዎቹ መጨረሻ ስለ ሆነ፣ የሽማግሌዎቹ ትዝታ ገና ትኩስ ነበር። የነፍጠኛና የገባር ሥርዓትም በደጋውና በወይናደጋው ገበሬ ላይ ከብዶ ተቀምጦ ነበር። እንግዲህ በዓድዋ ዘመን አዋጁን ያጸኑት ሦስቱ ነገሮች፣ ማለትም ቋንቋው፣ የእኔ ነው የሚባለው መንግሥትና በእጅ ያለው ርስት፣ በዚህ አገር ገና አልተሟሉም ነበር።

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል የውሃ ጉድጓዶች ዘንድ የኢጣሊያና የኢትዮጵያ ወታደሮች ተዋጉ። ጠቡ የተነሣው ምልክት ሳይተከልበት በቀረው በዚያው ወሰን ምክንያት ነበር። መንግሥት ጉዳዩን ወደ ጄኔቭ ወሰደ። በዋና ከተማውም ሕዝቡን የማንቃት ሥራ ከቀድሞው በበለጠ ስፋት ተጀመረ። ንጉሠ ነገሥቱ በሐምሌ 1927 ዓ.ም. በምክር ቤት ንግግር አደረጉ፤ በዚያው ወር የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር በንግግርና በዘፈን ሕዝቡን ማነቃቃት ጀመረ፤ የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያም የአገሪቱን ድምፅ ወደ ውጭ ማሰማት ቻለ። ራዲዮ መቀበያ ያለው ሰው ግን በአገር ውስጥ እጅግ ጥቂት ስለ ነበረ፣ ጣቢያው ከይርጋዓለም ይልቅ ለለንደን ይቀርብ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚህ መካከል ለድንበር አዛዦች እጅግ አስቸጋሪ የሆነ ትእዛዝ ወጣ። ኢትዮጵያ ጠብ ጫሪ አለመሆንዋን ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ለማስረዳት ሲባል ጦሩ ከወሰኑ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ እንዲርቅ ተወሰነ። ትእዛዙ በጄኔቭ አዳራሽ ለሚቀመጡ ዳኞች ትርጉሙ ግልጽ ነበር። በወሰኑ ላይ ለሚኖረው ሰውና ለወታደሩ ግን ተቃራኒውን ይናገር ነበር። ጠላት ጦሩን እያከማቸ ሳለ የገዛ ሠራዊት የራሱን ምድር ለቅቆ ሲርቅ ያየ ሰው ነገሩን እንደ ፍርሃት ቢቆጥረው አያስደንቅም። አንድ ተግባር ለሁለት ሰሚዎች ሁለት የተለያየ ትርጉም ሲሰጥ፣ ለሩቁ የታሰበው ያህል ለቅርቡም ካልታሰበ ጉዳት ማምጣቱ አይቀርም። ክፍተቱን በገዛ ሥልጣናቸውና በገዛ ሰውነታቸው መሸፈን የወደቀው እንደ ራስ ደስታ ባሉ አዛዦች ላይ ነበር።

መስከረም 21 ቀን 1928 ዓ.ም. ሙሶሊኒ በሮም አደባባይ ሲናገር፣ በመላ ኢጣሊያ ደወል ተደውሎ ሕዝቡ በየከተማው አደባባይ በድምፅ ማጉያ ሥር ተሰበሰበ። በማግሥቱ በአዲስ አበባ ነጋሪት ተጎሰመ፤ የክተት አዋጅም ተነበበ። ሁለቱ መንግሥታት በሁለት ቀን ውስጥ ስለ አንድ ጦርነት ለሕዝባቸው ተናገሩ። የኢጣሊያ ሕዝብ ቃሉን በዚያው ሰዓት ሰማ፤ የሰማው ግን ሐሰት ነበር። ወራሪው ተበዳይ፣ የተወረረው በዳይ ሆኖ ቀረበለት። የኢትዮጵያ አዋጅ እውነት ነበር፤ ይሁንና ከነጋሪቱ ድምፅ ማዶ ለመድረስ የሰው እግርና የበቅሎ ኮቴ ያስፈልገው ነበር።

ራስ ደስታ ጦራቸውን ይዘው ከነገሌ ወደ ዶሎ በሚወስደው በረሃ ወረዱ። በምሥራቅ ደጃዝማች ነሲቡ በኦጋዴን፣ በመካከል ደጃዝማች በየነ መርዕድ በባሌ በኩል ተሰልፈው ነበር። በፊታቸው የቆመው በአይሮፕላንና በከባድ መኪና የታጠቀው የጄኔራል ግራዚያኒ ጦር ነው። የደጋ ሰው የሆነው ወታደር በቆላው ሙቀት፣ በወባና በስንቅ እጦት ተሠቃየ።

በዚያ በረሃ ላይ ከሰማይ ወረቀት ወረደ። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. አንድ የኢጣሊያ አይሮፕላን ነጂ በኦጋዴን፣ በደጋሐቡር በኩል ተይዞ ተገደለ። ግራዚያኒ ግን ለበቀል የመረጠው ከዚያ እጅግ የራቀውን የራስ ደስታን ጦር ነበር። በተበተነው በራሪ ወረቀት ላይ የተማረከ ሰው ገድላችኋልና የሚገባችሁን ታገኛላችሁ የሚል መልእክት ሰፍሮ ነበር። ወዲያውም ታኅሣሥ 20 ቀን በመልካ ዲዳ የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጣቢያ በቦምብ ተደበደበ፤ ብዙ ቁስለኞች አለቁ፣ ከስዊድናውያኑም ሕይወቱን ያጣ ነበር። የመርዝ ጋዝም በዚያው ሰሞን በዚህ ግንባር ላይ ዋለ። መንግሥት አቤቱታውን በቴሌግራም ወደ ጄኔቭ አስተላለፈ፤ የስዊድን ሐኪሞችም ያዩትን ለዓለም መሰከሩ። በመልካ ዲዳ ስለ ወደቁት ሰዎች ከወሰኑ ማዶ ያለው ዓለም ከደቡቡ ገበሬ ቀድሞ ሳይሰማ አልቀረም።

የጠላት በራሪ ወረቀት በማስፈራራት ብቻ አልተወሰነም። ፋሺስቶች የገባርን ሥርዓት ቁስል ስለሚያውቁ ለኦሮሞው፣ ለሶማሌውና ለእስላሙ ሕዝብ ነፃ እናወጣችኋለን የሚል ስብከት በየቋንቋው ነዙ። ሕዝቡም አንድ ዓይነት መልስ አልሰጠም። ከአርበኞች ጋር የቆመ ነበር፤ ለጠላት ያደረ ነበር፤ ከብቱን ይዞ ጦርነቱን ለማለፍ የሞከረም ነበር። ይህን ሁሉ በክህደት ብቻ መፍረድ ቀላል ነው። እውነቱ ግን የኢትዮጵያ መንግሥት ፍትሕ ከእርሱ ጋር ሳለ የሚናገርበት ልሳን አላዘጋጀም፤ ጠላት ደግሞ ሐሰት ይዞ ሳለ ልሳኑን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ነበር።

ጥር 3 ቀን 1928 ዓ.ም. በገናሌ ዶሪያ ላይ የተጀመረው ጦርነት በጥቂት ቀናት ውስጥ የራስ ደስታን ጦር ፈታ። በጥምቀት በዓል ሰሞን ነገሌ ተያዘች። ራስ ደስታ የተረፈውን ጦር ይዘው ወደ ዋደራ ደን አፈገፈጉ፤ የመኪናው ጦር በቀላሉ ሊያልፈው በማይችለው በዚያ ጫካ ውስጥም ጠላትን ለወራት አገቱ። በዚህ ጊዜ ከኢጣሊያ ጦር የከዱ በመቶ የሚቆጠሩ ኤርትራውያን ወታደሮች ከእርሳቸው ጋር ተሰለፉ። የጠላትን ስብከት ከማንም ይበልጥ ሲሰሙ የኖሩት እነዚህ ሰዎች በገዛ ፍርዳቸው ወደ ወገናቸው መመለሳቸው የፋሺስቱ ድምፅ ኃይል ወሰን እንዳለው የሚያሳይ ነው።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ወጡ። ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ መርዝ ጋዙና ስለ ፈረሰው የጋራ ጸጥታ ቃል ተናገሩ። ንግግሩ በአማርኛ ነበር። በውጭ ፖሊቲካችን ታሪክ ከተሰሙት ንግግሮች ሁሉ ታላቅ የሆነው በአገሪቱ ቋንቋ ሲነገር፣ አገሪቱ ግን በአዳራሹ አልነበረችም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ማኅበሩ በኢጣሊያ ላይ የነበረው ማዕቀብ እንዲነሣ ወሰነ። በዚያው ሰኔ ራስ ደስታ ሲዳሞን ይዘው፣ በምዕራብም ራስ እምሩ በጎሬ የቀረውን የመንግሥት ጥላ ይዘው ይዋጉ ነበር። የሚያነቡት ጋዜጣ፣ የሚሰሙት ራዲዮ በሌለበት ምድር ለተከታዮቻቸው መንግሥት አለ ብሎ የሚመሰክረው የአዛዡ በሥፍራው መገኘት ብቻ ነበር። ምናልባት በዚያ ቆላና ደጋ የኢትዮጵያ የውጭ ፖሊቲካ ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ የተተረጎመው ያን ጊዜ ነው። አገረ ገዥው ግብር ከሚያስገብሩት ሕዝብ ጋር አብረው ተራቡ፤ አብረውም ተሳደዱ።

ይርጋዓለም በኅዳር 1929 ዓ.ም. ተያዘች። ራስ ደስታ ከደጃዝማች በየነ መርዕድና ከደጃዝማች ገብረ ማርያም ጋር ሆነው እየተዋጉ ወደ ሰሜን አመሩ። በየካቲት ወር በጎጌቲ በተደረገው ጦርነት ሠራዊቱ ተበተነ፤ ሁለቱ ደጃዝማቾችም ወደቁ። ራስ ደስታ ከከበባው ቢያመልጡም በቡታጅራ አካባቢ ተይዘው የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. ተረሸኑ። በአዲስ አበባ ጭፍጨፋው የካቲት 12 ቀን ከተጀመረ አምስት ቀን ብቻ ሆኖት ነበር።

ድል አድራጊው ለገዛ ሕዝቡ የነገረው ታሪክ ሌላ ነበር። ግራዚያኒ የነገሌ መሪ መስፍን የሚል የክብር ስም ተሰጠው፤ ለኢጣሊያ ሕዝብ ነገሌ የገናናነት ስም ሆነች። የመርዝ ጋዙ ነገር ግን ከዚያው ሕዝብ ተደበቀ። የኢጣሊያ መንግሥት ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው። በዚያ የጦር ሜዳ ከተዋጉት አብዛኞቹ ያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ለሚሊዮኖች የደረሰ ሐሰት ለመታረም ስድሳ ዓመት ፈጀ።

በአዲስ አበባ የሚገኘው ሆስፒታል በራስ ደስታ ዳምጠው ስም ይጠራል። ስሙን በሕክምና ካርድ ላይ የሚያነበው ሰው አርበኛውን ያስታውስ ይሆናል፤ የዋሽንግተኑን መልክተኛ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ዜናና ማስታወቂያ ሙያው ለሆነ ሰው ግን ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ይጠቅመዋል። ራስ ደስታ ለባዕድ መንግሥት ሲናገሩ ደብዳቤ፣ አስተርጓሚ፣ የተዘጋጀ ሥርዓትና ጊዜ ነበራቸው። ለገዛ አገራቸው የቆላ ሰው ሲናገሩ ከእነዚህ አንዱም አልተዘጋጀላቸውም፤ የቀረላቸው ሕይወታቸው ብቻ ነበር፤ እርሱንም ሰጡ። ወሰን በሚፈረምበት ቀን ከብቱን በወሰኑ ላይ ለሚያሰማራው ሰው በቋንቋው የሚነገረው ነገር ካለ፣ በጦርነት ቀን ያ ዕዳ በአንድ አዛዥ ሞት አይከፈልም ነበር።